ፀጉሩ ከጣውላው አልለቅ አለኝ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ የድሮ ቤት ተከራይተን ነው። ቡቺ የሚባል የጀርመን ሸፐርድ ዲቃላ ውሻ አለን፤ ሁለት ዓመቱ ነው። ዝናቡ ሲበረታ ማታ ማታ ሳሎን ያድራል። ጠዋት ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ከዚያ በባልዲ ውሃና በዱቄት ሳሙና አጥባለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጭ ጋዝ ወልውዬ ሰም እቀባለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ፀጉሩ ተመልሶ በየጥጉ ተጠቅልሎ አገኘዋለሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ ወለሉ ላይ ተለጥፎ አይነሳም። የ9 ወር ልጄ መዳህ ጀምራለች። አማቴ ውሻውን አስወጪው ይሉኛል። ቡና የምታጣጣኝ ጎረቤቴም ፀጉሩ ልብሷ ላይ ስለሚያርፍ መምጣት ቀንሳለች። መስኮቱ አጠገብ ያሉት ጣውላዎች ደግሞ ጠርዛቸው ብድግ ብድግ ብሏል። ውሻውን ልላጨው? ቫኪዩም ልግዛ? ወይስ ላስወጣው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ አይላጩት፤ ቫኪዩሙም ይቆይ፤ ውሻውን ማስወጣትም አያስፈልግም። ደብዳቤዎን ስናነብ ከቡቺ ይልቅ ያስጨነቀን ባልዲው ነው። ፀጉሩ የሚለጠፈውም፣ የጣውላው ጠርዝ የሚነሳውም ወለሉ ውሃ ስለበዛበት ነው፤ ሰሙ ደግሞ ይጨመርበታል። ፀጉሩን ገና ውሻው ላይ እያለ ካልያዙት፣ ወለሉንም በደረቁ ካልጠረጉት፣ የየዕለቱ ልፋትዎ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖ ይቀጥላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ደረቅ የውሻ ፀጉር ደረቅ ጣውላ ላይ አይጣበቅም። በነፋስ፣ በሰው እርምጃ፣ በቀሚስ ጫፍ እየተገፋ ይንሸራተትና እግር በማይደርስበት ቦታ ይጠራቀማል፤ ከዞኮሎው ሥር፣ ከሶፋው እግር ኋላ፣ ከበሩ ጀርባ። እዚያ ከአቧራ ጋር እየተጠቀለለ ድቡልቡል ይሆናል። ለዓይን ቢያስጠላም ለጠራጊ የሚመች ነገር ነው፤ በእጅ አፍሰው ይጥሉታል። ውሃ ሲያገኘው ግን ጠባዩ ይለወጣል። እርጥብ ፀጉር እንደ ክር ተዘርግቶ ይለጠፋል። መወልወያው ከፊሉን ያነሳል፣ ከፊሉን ወደ ጣውላው መገጣጠሚያ ይገፋዋል። ውሃው ሲደርቅ ወለሉ ላይ የቀረው የሳሙና ቅሪት እዚያው ያጣብቀዋል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አልነሳ የሚልዎት ፀጉር አብዛኛው ጠዋት በውሃ የተለጠፈው ነው።

ሁለተኛው አጣባቂ ሰሙ ነው። በየሳምንቱ የሚቀባ ሰም አሮጌው ሳይነሳ አዲስ እየተደረበበት ይወፍራል። ወፍራም ሰም ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ ፀጉርና አቧራ ይይዛል፤ የእግር ፈለግ ይወጣበታል። እውነት ሰሙ ተደራርቦ እንደሆነ ለማወቅ ከሶፋው ኋላ፣ ለዓይን በማይታይ ቦታ፣ በጥፍርዎ ጫር ያድርጉ። ጥፍርዎ ሥር ቢጫ ቡናማ ቅባት ከገባ ተደራርቧል። ነጭ ጨርቅ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት አኳራጅ ነካ አድርገው ቢያሹትም ጨርቁ ቡናማ ይሆናል። ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ ወለልዎ በቫርኒሽ የተሸፈነ ሳይሆን አይቀርም፤ ቫርኒሽ ላይ ሰም መቀባት ጨርሶ አያስፈልግም።

ሰሙን የሚያነሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ዝናብ የማይጥልበትና መስኮት የሚከፈትበት ቀን ይምረጡ። ልጅቷና ቡቺ ቀኑን ሌላ ቤት ይዋሉ። በቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል፣ ጧፍ፣ ጭስ ማጨሻ አይኑር፤ የአኳራጅ ትነት እሳት ይይዛል። ከመስኮቱ ራቅ ካለው ጥግ ጀምረው በግምት 1 ሜትር በ1 ሜትር እየከፈሉ፣ ጨርቁን ነከር አድርገው፣ በጣውላው ርዝመት አቅጣጫ ያሹ። ሰሙ ሲለሰልስ ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ቆየት ካሉ ተመልሶ ይቀመጣል። ጨርቁ ከአንድ ካሬ በኋላ ቡናማ ስለሚሆን አሮጌ ካናቴራዎችን ቀደም ብለው ቆራርጠው ያዘጋጁ። ያገለገሉትን ጨርቆች ጨብጠው ጥግ አያስቀምጡ፤ ውጭ ዘርግተው ያድርቋቸው። ወለሉ በማግስቱ ሽታው ሲጠፋ በጣም ስስ አድርገው ሰም ይቀቡ። አንድ ክፍል ሙሉ ሲቀቡ ከጨርቁ ላይ ሰም ጎልቶ መታየት የለበትም። ግማሽ ሰዓት ያህል ካደረቁት በኋላ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ አጥብቀው ይወልውሉት። በትክክል የተወለወለ ሰም ላይ እጅዎን ሲያሳርፉ አይዝም፤ የሚይዝ ከሆነ ገና ብዙ ሰም አለ ማለት ነው፣ መወልወሉን ይቀጥሉ። ከዚያ በኋላ ሰም በዓመት 2 ጊዜ ይበቃዋል።

ነጭ ጋዙን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። ይህን አጥብቀን እንለምንዎታለን። ውሻ መዳፉን ይልሳል፤ የምትድህ ልጅ ደግሞ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። ጋዝ ቆዳን ያቃጥላል፣ ከተዋጠ ወደ ሳንባ ገብቶ ሕፃን ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ለወለሉም ቢሆን ለጊዜው ያብለጨልጨዋል እንጂ አይጠብቀውም፤ ቅባቱ ላይ ፀጉር ይሰበሰባል።

አሁን ወደ ውሻው እንምጣ፤ ከድካሙ የሚበልጠው የሚቀንስልዎት እዚህ ላይ ነው። የጀርመን ሸፐርድ ሁለት ድርብ ፀጉር አለው። ከላይ ረጅምና ጠንከር ያለ፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ሱፍ የለሰለሰ። ወለልዎ ላይ እየተጠቀለለ የሚያገኙት በአብዛኛው ይህ ከሥር ያለው ነው። በአውሮፓ እንዲህ ያሉ ውሾች በፀደይና በመኸር ጅምላውን ያረግፋሉ፤ ሰውነታቸው ወቅቱን የሚለየው በቀኑ ርዝመት ነውና። ጅማ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነች በዓመቱ ረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ቡቺ ዓመቱን ሙሉ ቀስ እያለ ያረግፋል። «ወቅቱ ሲያልፍ ይቆማል» ብለው አይጠብቁ።

ብሩሹን በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሩብ ሰዓት። በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ፣ ነፋሱ ፀጉሩን ከቤቱ ወዲያ እንዲወስደው ሆነው። የሚያስፈልግዎ ጫፋቸው የተቆለመመ ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት ብሩሽ ነው። የከብት ማበጠሪያ አይሆንም፤ ጥርሱ ሰፊ ስለሆነ የላይኛውን ብቻ ያበጥራል። ብሩሹን መጀመሪያ በራስዎ ክንድ ላይ ያሳርፉት፤ እርስዎን የሚያምዎትን ያህል ጫና እሱንም ያመዋል።

አያያዙ እንዲህ ነው። በግራ እጅዎ ፀጉሩን ወደ ላይ ወደ ኋላ ሰብስበው ይያዙት፤ ከሥሩ ቆዳው እንደ ቀጭን መስመር ይታያል። ከዚያ መስመር በታች ያለውን አንድ ጣት ስፋት ፀጉር ብቻ ወደ ታች ያበጥሩ። ቀጥለው ግራ እጅዎን ትንሽ ለቀቅ አድርገው ሌላ አንድ ጣት ስፋት። ከላይ ከላይ ብቻ ካበጠሩት ውሻው ያበራል፤ የሚረግፈው ግን ሥሩ ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ ማታ ሳሎን ውስጥ ይለቀዋል። ብዙ ሰው «አበጥረዋለሁ፣ ግን ለውጥ የለም» የሚለው በዚህ ነው። የታፋው ኋላ፣ አንገቱ ዙሪያና የጅራቱ ሥር ከሌላው ይበልጥ ይይዛሉ። ከነዚያ ይጀምሩ፤ ሆዱና ብብቱ ጋ ቆዳው ስስ ስለሆነ እጅዎን ያቅልሉ። ብሩሹን 3 ጊዜ ተከታትለው ሲጎትቱት ባዶውን ከወጣ ለዕለቱ ይበቃል።

ብሩሹን ጅማ ገበያ ካላገኙ ከአዲስ አበባ እስኪመጣልዎ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ያገለግላል። ጓንቱን ትንሽ ነከር አድርገው፣ በፀጉሩ አቅጣጫ ከአንገት ወደ ጅራት ይሳቡ፤ ላስቲኩ ልቅ ፀጉሩን ይዞ ይመጣል። ከሥር ያለውን ሁሉ ግን አያወጣም። ስለት ያላቸው «ፀጉር ማውጫ» የሚባሉ መሣሪያዎችን በተመለከተ እናስጠነቅቃለን፤ ሲበዙ የላይኛውን ጤነኛ ፀጉር ይቆርጡታል። ከተጠቀሙ በ2 ሳምንት አንዴ፣ ለ5 ደቂቃ ብቻ።

እንዳይላጩት ያልንበት ምክንያት፦ የላይኛው ፀጉር ከፀሐይም ከዝናብም ይጠብቀዋል። ድርብ ፀጉር ያለው ውሻ ከተላጨ የለሰለሰው ቀድሞ ያድግና የላይኛው ይዘገያል፤ አንዳንዱ ላይ ዥጉርጉር ሆኖ ይቀራል። መርገፉም አይቆምም። ረጅም ፀጉር በመጥረጊያ ሲነሳ፣ አጭሩ ግን እንደ መርፌ የሶፋው ጨርቅ ውስጥ ይሰካል። እና ለምን ብለው?

ገላውን በ6 ወይም በ8 ሳምንት አንዴ ያጥቡት፤ ከዚያ ከበዛ ቆዳው ይደርቅና ይባስ ያረግፋል። የሰው ሻምፖም የልብስ ሳሙናም አይሁን፤ የውሻ ቆዳ ጠባይ ከሰው የተለየ ነው። ከማጠብዎ በፊት ያበጥሩት፤ ልቅ ፀጉር ከረጠበ ይቋጠራል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ደግሞ እንደገና ያበጥሩት። በዚያን ዕለት የሚወጣው ፀጉር ብዛት ሊያስደነግጥዎ ይችላል፤ ግን በሚቀጥሉት ሳምንታት ሳሎንዎ ላይ ሊረግፍ የነበረው ነው።

ምግቡንም ይመልከቱ። እንጀራ ብቻ የሚበላ ውሻ ፀጉሩ ይደርቃል፤ ፀጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነውና። የተቀቀለ እንቁላል፣ የበሰለ ሥጋ፣ ካለም አሳ ይቀላቅሉለት። 30 ኪሎ ለሚሆን ውሻ በቀን 1 የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት ምግቡ ላይ ቢያደርጉለት ለቆዳውና ለፀጉሩ ድርቀት ይረዳል፤ ካስቀመጠው መጠኑን ይቀንሱ። የተረፈ ወጥ ግን አይስጡት። ወጣችን በሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በዚህ አገር ብዙ ሰው ሳያውቅ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የቡና አተላም እንዲሁ ከሚደርስበት ቦታ ይራቅ።

ፀጉሩ በአንድ ቦታ ተመልጦ ቆዳው ከታየ፣ የሚያክ ከሆነ፣ ፎረፎር ወይም ቅላት ካለው፣ ያ የተለመደው መርገፍ አይደለም። ቁንጫ፣ እከክ ወይም የቆዳ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚሰጥበት ኮሌጅ ያለው ነውና ከተማዋ ሐኪም አታጣም። የከብት መዥገር መድኃኒት በግምት በጥብጠው አያፍስሱበት፤ ውሻን ይገድላል።

ወለሉን የሚያጸዱበት ሰዓት ጠዋት ነው፤ መስኮት ሳይከፈት፣ ቤተሰቡ ሳይመላለስ። ሌሊቱን አየሩ ጸጥ ስለሚል ፀጉሩ ሁሉ ወለሉ ላይ ያርፋል። በጠንካራ መጥረጊያ አይጀምሩ፤ መጥረጊያው ሲወረወር ፀጉሩን ወደ ላይ ይበትነዋል፣ ዘወር ብለው ሳይጨርሱ ተመልሶ ይወርዳል። በመወልወያው እንጨት ላይ ደረቅ የማይክሮፋይበር ጨርቅ ይጠቅልሉ፤ ከሌለ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ። ጨርቁ ላይ ብቻ፣ ወለሉ ላይ ሳይሆን፣ ከሚረጭ ጠርሙስ 2 ወይም 3 ጊዜ ውሃ እፍ ያድርጉበት። ሲነኩት ቀዝቀዝ ማለት አለበት እንጂ መርጠብ የለበትም። ከራቀው ጥግ ወደ በሩ፣ ጨርቁን ከወለሉ ሳያነሱ፣ በጣውላው ርዝመት አቅጣጫ በአንድ ጉዞ ይግፉት። መወልወያውን ወደ ኋላ ከጎተቱት ከፊት የተሰበሰበው ፀጉር ይፈታል። በሩ ጋ ሲደርሱ ፀጉሩ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ይጠብቅዎታል፤ በእጅዎ ያንሱት። 20 ካሬ ሜትር ለሚሆን ሳሎን ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል።

እርጥቡ ማጽዳት በሳምንት 1 ጊዜ፣ ምንጊዜም ከደረቁ በኋላ። በ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ ከዚያ አይብለጥ። ጨርቁን አጥብቀው ይጭመቁ፤ ከጨመቁት በኋላ እንደገና ቢጠመዝዙት ጠብታ መውጣት የለበትም። ወለሉ በ2 ደቂቃ ውስጥ ካልደረቀ ጨርቁ ውሃ በዝቶበታል። በሁለተኛ ባልዲ ንጹሕ ውሃ ጨርቁን ያለቅልቁ፤ አንድ ባልዲ ብቻ ከሆነ ፀጉሩን መልሰው ያሰራጩታል። ኮምጣጤ ሰም ያደበዝዛል፣ በረኪና ጣውላውን ያነጣዋል፤ ሁለቱን አይቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ውሻው ሸንቶ ከሆነም ሽንቱ ላይ በረኪና አያፍስሱ፤ በሽንቱ ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ደረትን የሚያፍን ትነት ይፈጥራል። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተጭነው ያስመጥጡት፣ ቀጥሎ በሳሙናው ውሃ በተጨመቀ ጨርቅ ያብሱት። ሽንት ጣውላ ላይ ካደረ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

በጣውላዎቹ መካከል የገባውን ፀጉር በቢላ አያውጡ፤ ጠርዙን ይሸራርፈዋል። ጫፉ የሾለ የእንጨት ስንጥር ወይም ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይዘው በመገጣጠሚያው ርዝመት ይሳቡ። በወር 1 ጊዜ። ይህን ሥራ ችላ አይበሉት፦ የቁንጫ እጭ የሚኖረው እንደዚህ ባለ ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ የሚበላውም እዚያ የተጠራቀመውን ቆሻሻ ነው። ቁንጫን በመድኃኒት ውሻው ላይ ብቻ ገድለው ስንጥቁን ከተዉት፣ ከሳምንታት በኋላ አዲሱ ይፈለፈላል።

ቡቺ የሚተኛበት ቦታ አንድ ይሁን። ከወፍራም የጥጥ ጨርቅ የተሰፋ፣ የሚወልቅ ልባስ ያለው ፍራሽ ይሥሩለት፤ ጆንያ አይሁን፣ ራሱ ክር ይረግፋል። ልባሱን በየቀኑ ውጭ ያራግፉት፣ በየሳምንቱ ያጥቡት። ውሻ በተኛበት ቦታ ሲነሳና ሲንቀጠቀጥ ብዙውን ስለሚያረግፍ ሳሎኑ ሁሉ ላይ የሚበተነው እዚያ ይሰበሰብልዎታል።

ወለሉን የሚቧጭረው ፀጉሩ አይደለም፤ ከፀጉሩ ጋር የሚገባው አሸዋ ነው። የጅማ ቀይ ሸክላ በክረምት መዳፉ ላይ ተለጥፎ ይገባል፣ ሲደርቅ ይረግፋል፣ ከዚያ በመወልወያው ሥር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል። ከበሩ ውጭ ሻካራ፣ ከበሩ ውስጥ ደግሞ ውሃ የሚመጥ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ ውስጠኛው ቢያንስ 1 ሜትር ይርዘም፣ አራቱም እግሩ እንዲያልፍበት። ዝናብ ሲጥል መዳፉን በሳፋ ያጥቡና በጣቶቹ መካከል ጭምር ያድርቁት። ሲራመድ ጥፍሩ ጣውላው ላይ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ረዝሟል፤ በ3 ወይም በ4 ሳምንት አንዴ ጫፉን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይቁረጡ፣ ጥፍሩ ጥቁር ከሆነ ከዚያ አይለፉ፣ የደም ሥሩ አይታይምና።

ስለ ልጅዎ ስጋትዎ ተገቢ ነው፣ ግን ስጋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ፀጉር ብትውጥ ሳይፈጭ ይወጣል። የሚያሳስበው ፀጉሩ ላይ ሊለጠፍ የሚችለው የትል እንቁላል ነው። ጥሬ ሳንባና ጉበት የሚበላ ውሻ በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚያስከትለውን የኮሶ ዓይነት ትል ሊይዝ ይችላል፤ እንቁላሉ ከፀጉሩ ወደ ልጅ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሬ የሆድ ዕቃ አይስጡት። በየ3 ወሩ የትል መድኃኒት ይውሰድ፤ መድኃኒቱ ውስጥ ፕራዚኳንቴል መኖሩን ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ያ ትል በሌላው ተራ መድኃኒት አይሞትም። የእብድ ውሻ ክትባቱም በጊዜው ይታደስ። ልጅቷ የምትድህበትን ቦታ በየጠዋቱ በመጨረሻ ጨርቅ ቀይረው ያጽዱ፤ ውሻው ፊቷን እንዳይልስ፣ ብቻቸውንም እንዳይቀሩ።

ወደ ቡናው እንምጣ። ቄጠማ የሚጎዘጉዙ ከሆነ እርጥብ ቄጠማ በቀጥታ ጣውላው ላይ አያድር፤ ከሥሩ ሰሌን ያንጥፉ። ቡናው ሲያበቃ ቄጠማውን በመጥረጊያ አይበትኑት፣ ከነሰሌኑ ጠቅልለው ያውጡት፤ መካከሉ የገባውን ፀጉር ሁሉ ይዞ ይወጣል። ረከቦቱን የተጨመቀ ጨርቅ አልብሰው ያስቀምጡ፣ ሲኒ ሲደረደር ብቻ ይግለጡት። ከቡናው በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ቡቺ ግቢ ይቆይ፤ ወለሉን በደረቅ ጨርቅ የሚያጸዱት እሱ ከወጣ በኋላ፣ ከሰል ሳይቀጣጠል ነው።

ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ ሶላት የሚሰግዱ ከሆኑ ነገሩ ከንጽሕና ያለፈ ነው፤ የውሻ ፀጉር ልብሳቸው ላይ ይዘው መሄድ አይፈልጉምና ቅር አይበሉባቸው። ለእርሳቸው አንድ ወንበር ይለዩላቸው፤ ጨርቅ ያለው ሶፋ ሳይሆን የእንጨት በርጩማ፤ የጅማ በርጩማ ደግሞ ደጃፍዎ ላይ ነው። ቡቺ የማይገባበት ክፍል ያስቀምጡት፤ መጥተው ሲያዩት ለእርሳቸው እንደተለየ ይንገሯቸው። ሶፋው ላይ ያለውን ፀጉር የዕቃ ማጠቢያውን የጎማ ጓንት ነከር አድርገው በአንድ አቅጣጫ ሲስቡት ይጠቀለልልዎታል። በተቃራኒው አቅጣጫ ከሳቡት መልሶ ይሰካል።

ቫኪዩም ከገዙ፣ ግዴታ ባይሆንም የሚያስመሰግን አለ። የሚሽከረከረው ብሩሽ በአዝራር የሚጠፋ መሆን አለበት፤ ብሩሹ በባዶ ጣውላ ላይ ሲሽከረከር ፀጉሩን ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ አሸዋ ካለበትም ይቧጭራል። ለስላሳ ፀጉር ያለው ጠፍጣፋ አፍና ለመገጣጠሚያው ቀጭን አፍ ይኑረው፤ ጎማው ላስቲክ ይሁን። በባትሪ የሚሠራ ቢሆን መብራት ሲጠፋ ያገለግልዎታል። ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን ፀጉር በየሳምንቱ በመቀስ ቆርጠው ያውጡ፤ ካልሆነ ሞተሩ ይሞቅና ቀበቶው ይበጠሳል። የሰበሰቡትን ፀጉር ሽንት ቤት ወይም የውሃ መውረጃ ውስጥ አይጣሉ፤ ቱቦውን ይደፍነዋል።

የተነሱት ጣውላዎች የቀረው ጉዳይ ናቸው። ጠርዙ የሚነሳው በመገጣጠሚያው የሰረገ ውሃ የጣውላውን ሥር ከላዩ ይልቅ ሲያረጥብ ነው። አናጢ ጠርተው ዛሬ አያስላጉት። እርጥብ እያለ የተላገ ጣውላ ሲደርቅ መካከሉ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ጉዳቱም አይመለስም። መስኮቱ የሚያስገባውን ዝናብ ይድፈኑ፣ የባልዲውን ውሃ ይተዉ፣ ለባለቤቱም ያሳዩት። ጥር ላይ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን፣ ቀጥ ያለ እንጨት በጣውላው ስፋት ላይ አስቀምጠው ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ተመልሰው ይተኛሉ። ያልተኙት ብቻ ያኔ ይታያሉ።